እርማት፦ የጭነት ጄት ራሱን በራሱ አያበርም

«ትልልቅ የጭነት ጄቶችን የሚያበረው ኮምፒውተር ነው፤ ፓይለቱ ቁልፍ ተጭኖ ቁጭ ነው» የሚለው አስተያየት በየቦታው ይደጋገማል። ስህተት ነው።

የቦይንግ 747-8 የጭነት አውሮፕላን ሲነሳ አጠቃላይ ክብደቱ እስከ 447 ቶን ይደርሳል። ያን ሁሉ ክብደት መሪ ይዞ ከመሬት የሚያነሳው ፓይለቱ ነው። የሞተሩን ጉልበት አውቶትሮትል የሚባለው ሥርዓት ሊያስተካክል ይችላል፤ አውሮፕላኑን በራሱ የሚመራው አውቶፓይለት ግን የሚበራው አየር ላይ ከተወጣ በኋላ ነው።

አውሮፕላኑ በራሱ ማረፍ ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ይህ በዋናነት የሚያስፈልገው ጭጋግ እይታን ሲጋርድ ነው። የጎን ንፋስ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ደግሞ አይፈቀድም። ብዙ ሰው የሚገለብጠው ይህንን ነው፦ ንፋሱ ሲብስ ሥራው ወደ ሰው እጅ ይመለሳል። ኤምዲ-11 የተባለውን ጄት ተመልከቱ። በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚያርፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ በናሪታ አየር ማረፊያ አንዱ በኃይለኛ ንፋስ ሲያርፍ ነጥሮ ተገለበጠ፤ ሁለቱም ፓይለቶች ሞቱ።

ፓይለቶች አውቶሜሽንን፣ ማለትም ማሽኑ በራሱ መሥራቱን፣ አይጠሉም። በረጅም የሌሊት በረራ ድካም ይቀንስላቸዋል። የሚፈልጉት ምን እያደረገ እንደሆነ ማወቅ ነው። በቦይንግ ጄቶች አውቶትሮትሉ ጉልበት ሲጨምርና ሲቀንስ የሞተር ማንሻዎቹም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። እጁን ማንሻዎቹ ላይ ያሳረፈ ፓይለት ለውጡን ሳያይ ያውቀዋል።