አረንጓዴ ስታዲየም ለምትሰሩልን ሁሉ፣ እጃችሁ ይባረክ

ጎበዝ፣ እጅ ልንነሳቸው የሚገቡ ሰዎችን ዝም ብለን እያለፍን ነው። ስታዲየሙ መሰረቱ ሳይወጣ «አረንጓዴ ነው» ብለው የሚያውጁትን ማለቴ ነው። ሙያ በልብ ድሮ ቀረ፣ አሁን ሙያ በጋዜጣዊ መግለጫ ነው።

በዚህ ሙያ ፊፋና ኳታርን የሚያክል የለም። ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ 8 ስታዲየም፣ 7ቱ አዲስ አንዱ የታደሰ፣ ሁሉም ዶሃና ዙሪያዋ ላይ፣ ከዛ ደሞ ኮራ ብለው «ከካርቦን ነፃ ውድድር» አሉን፣ የምንለቀውን ካርቦን ሌላ ቦታ በሚቀነስ እናካክሰዋለን ነው ነገሩ። በረሃ ላይ 7 ስታዲየም አቁሞ ምንም አልነካሁም ማለት እኮ ወኔ ይጠይቃል! አል ጀኑብ የሚባለውን ስታዲየም ብቻ እዩት፣ ጣራው መሀሉ ክፍት ነው፣ ከወንበሮቹ ስር ግን በትንንሽ ቀዳዳ ቀዝቃዛ አየር እየወጣ የደጋፊውን ቁርጭምጭሚት ያበርዳል። ኢንጂነሮቹ አየሩ አያመልጥም፣ ተመልሶ ተሰብስቦ እንደገና ይቀዘቅዛል ብለዋል፣ እኛም እሺ ብለናል፣ የሚያመልጠው ካለም ለአላፊ አግዳሚ ወፍ ሰደቃ ነው። ሳሩስ? የባህር ውሃ ጨዉ በማሽን እየወጣለት የሚጠጣ ሳር ነው፣ አረንጓዴ ካላችሁ በቀለም ደረጃ እሱን የሚወዳደር የለም።

ሊቅነታቸው ግን ሂሳቡ ላይ ነው። ውድድሩ 3.6 ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ይለቃል ብለው ራሳቸው ገመቱ። ያ ሁሉ ሲሚንቶና ብረትስ ሲባል፣ ቋሚዎቹ ስታዲየሞች ለ60 አመት ስለሚያገለግሉ ለዓለም ዋንጫው የሚቆጠርበት የሚጠቀምባቸው ቀናት ድርሻ ብቻ ነው፣ ሌላውን ወደፊት የሚጫወትባቸው ይሸከም። ይሄን ስሰማ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ለሰርግ ሰንጋ ጥሎ፣ ቁርበቱ ለልጅ ልጅ መኝታ ስለሚሆን ዛሬ የታረደው ጆሮው ብቻ ነው እንደማለት ነው'ኮ!

974 የሚባለው ስታዲየም ላይ ግን ሽሙጤ ትንሽ ይከብደኛል። 974 ኮንቴይነር ተገጣጥሞ የተሰራ ነው፣ ቁጥሩም የኳታር የስልክ ኮድ፣ ኤሲ የለው፣ የባህር ነፋስ እንዲያናፍሰው ተደርጎ የተሰራ፣ እውነት ለመናገር ዲዛይኑ ያምራል። ብራዚል እዛ ደቡብ ኮሪያን 4 ለ 1 ከሸኘች በኋላ ተፈታቶ ይሄዳል ተባለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024 ላይ እዛው ቆሞ የፊፋን ሌላ ውድድር ሲያስተናግድ አየነው። ምን ችግር አለው፣ አለመንቀሳቀስም ነዳጅ ይቆጥባል።

ዶሃ ሆቴል ላጣ ደጋፊ ደሞ ከጎረቤት ሀገር ከተሞች በቀን ከ160 በላይ የደርሶ መልስ በረራ ታውጆ ነበር፣ ለኳስ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ፣ በአውሮፕላን። እሱም አረንጓዴ ነው። የስዊዘርላንድ የማስታወቂያ ኮሚሽን ብቻ ከ5 ሀገር አቤቱታ ቀርቦለት በጁን 2023 «ከካርቦን ነፃ የሚለው አልተረጋገጠም፣ ሰውን ያሳስታል፣ ይቅርባችሁ» አለ። ምቀኛ! ፊፋ መቼ ይሰማል፣ 2030ን በ6 ሀገርና በ3 አህጉር አደረገው።

እኛንም አልረሱንም። ከስታዲየሞቹ ወደ 170 ሺህ ወንበር ተነቅሎ ለታዳጊ ሀገራት ይሰጣል ተብሎ ነበር፣ ወንበር ሲባል እኛ ጆሯችን ይቆማል። እንጂማ በአረንጓዴነት ማን ይደርስብናል? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በ2014 ዓ.ም. የባህር ዳር ስታዲየምን ደረጃውን አያሟላም ብሎ ከዘጋ በኋላ ዋልያዎቹ ለአመታት «በሜዳቸው» ሲጫወቱ ማላዊ፣ ሞሮኮ፣ ታንዛኒያ ነበሩ፣ ግብፅን 2 ለ 0 የረታናት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። እዚህ አንድ አምፖል አልበራ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ለሳር አልፈሰሰ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚለቅም እንኳን አላስፈለገም። ሰርተፍኬት የሚያድል ካለ መጀመሪያ አደይ አበባ ስታዲየም ይምጣ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲገነባ ነው፣ 60 ሺህ ሰው ይይዛል ተብሎ። በነሱ ሂሳብ ከሆነማ ከ60 አመቱ ገና አንዲት ቀን አልተነካችም።