በርሚንግሃም ላይ የማይቆመው አውቶቡስ

በአትላንታ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻችንን ለክረምቱ የዳላስ ጉዞ ስናስመዘግብ፣ በተሰጠን መርሐ ግብር ላይ አንድ መስመር ነበር፦ በአላባማ ግዛት በምትገኘው በርሚንግሃም ላይ ማረፍ፣ በሪክውድ ፊልድ ስታዲየም የወጣቶች ቤዝቦል ጨዋታ መመልከት። ባለፈው ሳምንት የማኅበራችን ኮሚቴ ይህን መስመር ሰረዘው። ሰብሳቢው የሰጡን ምክንያት ሦስት ነው፤ ጊዜ ያባክናል፣ ስታዲየሙ ያረጀ ነው፣ «ቤዝቦል ደግሞ የእኛ ታሪክ አይደለም»።

ከጊዜው ልጀምር። ከአትላንታ ወደ ዳላስ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቁጥር 20 በርሚንግሃምን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ስታዲየሙም ከዚሁ ጎዳና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። አውቶቡሱ ነዳጅ መቅዳቱ፣ ልጆቹም ምሳ መብላታቸው የማይቀር ነው። በዚያው መርሐ ግብር ዳላስ ውስጥ ለገበያ ማዕከል የተመደበው ሦስት ሰዓት ግን አልተነካም። ለጫማ ሦስት ሰዓት ያገኘ ኮሚቴ ለዚህ ስታዲየም ሁለት ሰዓት አጣሁ ብሎ ሊያሳምነን አይችልም።

አርጅቷል መባሉ እውነት ነው፤ የምንሄደውም ስላረጀ ነው። ሪክውድ ፊልድ እ.ኤ.አ. በ1910 የተከፈተ፣ በአሜሪካ እስከ ዛሬ ከቆሙት የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ስታዲየሞች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። ነጭና ጥቁር ተለያይቶ በሚጫወትበት ዘመን የነጮቹ ቡድን ባረንስ እና የጥቁሮቹ ቡድን ብላክ ባረንስ አንዱን ሜዳ በተለያየ ቀን ተጫውተውበታል። ከቤዝቦል ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ዊሊ ሜይስ በ1948 ገና የ17 ዓመት ተማሪ ሳለ ለብላክ ባረንስ የተሰለፈው እዚያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄን ይዤ በዚያ መንገድ ሳልፍ ቆመን ነበር፤ ሁለት የትምህርት ቤት ቡድኖች ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው ቀርፋፋ መሆኑን አልክድም፣ ሙቀቱም አያስቀምጥም። ከጎናችን የተቀመጡ አዛውንት ግን በጣታቸው ወደ ቀኝ ዳር እያመለከቱ፣ ነጮቹ በሚጫወቱበት ቀን ጥቁር ተመልካች ተለይቶ የሚታጎርበት ስፍራ የት እንደነበር ለልጄ አሳዩአት። እርሷም እጇ ላይ ያለውን ስልክ ዘግታ ያንን ባዶ ስፍራ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። ዝነኛው ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋች ሬጂ ጃክሰን በ2024 በዚያው ሜዳ ላይ ሆኖ፣ በ1967 የበርሚንግሃም ተጫዋች ሳለ ከምግብ ቤትና ከሆቴል እንዴት ይባረር እንደነበር በቴሌቪዥን ሲናገር የሰማ ሰው፣ ልጄ ምን እንዳየች ይገባዋል።

«የእኛ ታሪክ አይደለም» የሚለው ንግግር ግን ከሁሉም በላይ አስቆጥቶኛል፤ ምክንያቱም ፈጽሞ ሐሰት ነው። በ1930ዎቹ ማያሚ ውስጥ የተነሣ አንድ የጥቁሮች ቤዝቦል ቡድን ከከተማ ከተማ እየዞረ ይጫወት ነበር፤ ስሙም «ኢትዮፒያን ክላውንስ» ይባል ነበር፤ «የኢትዮጵያ ቀልደኞች» ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ የአፍሪካ እንዲመስል በተፈጠረ ስም እየተጠሩ ተመልካች ያስቁ ነበር። የአገራችን ስም በዚህ መልክ ለትኬት መሸጫ የዋለው ፋሺስት ኢጣሊያ አባቶቻችንን በመርዝ ጋዝ በፈጀበት ዘመን ነው። ይህን ነውር ነው ብለው የተነሡት የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጠኞችና የቡድን ባለቤቶች ናቸው፤ በወረራ የምትሠቃይ አገር ስም መሳቂያ አይሆንም ብለው ጻፉ፣ ተከራከሩ። ቡድኑ በ1943 ኒግሮ አሜሪካን ሊግ ወደሚባለው የጥቁሮች ቡድኖች ሊግ ሲገባም «ኢትዮፒያን» የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ ነው። ይህ ሊግ የበርሚንግሃሙ ብላክ ባረንስ ይጫወትበት የነበረው ሊግ ነው። ያው ቡድን በኋላ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ሲባል በ1952 ማልያውን ከለበሱት አንዱ ሃንክ አሮን ነው፤ በ1974 እዚሁ አትላንታ ውስጥ የቤብ ሩትን የሆም ራን ክብረ ወሰን የሰበረው፣ ልጆቻችን ስሙን በከተማችን ሁሉ የሚያዩት ሃንክ አሮን። በአላባማው ቱስኬጊ የተማረው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ አውሮፕላን ሊያበርልን አዲስ አበባ መጥቶ እንደነበር በየዓመቱ በየካቲት መድረክ ላይ እየወጣን እንናገራለን። የእርሱን ውለታ ለመድረክ አሳምረን የምናነሣ ሰዎች፣ ስማችንን ከመሳቂያነት ያወጡልንን ሰዎች ሜዳ በመስኮት እያየን ልናልፍ ነው? ሰብሳቢው ይህን ሳያውቁ ከተናገሩ ማወቅ ይገባቸው ነበር፤ ዐውቀው ከተናገሩ ደግሞ የእኛ የሚሉት ማንን እንደሆነ በግልጽ ይንገሩን።

ልጆቹ ይሰለቻሉ የሚል ወላጅም በስብሰባው ላይ ሰምቻለሁ። የእኔዋ አልሰለቸችም። የሚሰለች ልጅ ቢኖርም ሁለት ሰዓት መሰልቸት አይጎዳውም።

ጠቅላላ ጉባኤው በሚቀጥለው እሑድ ይሰበሰባል። ያ መስመር እንደ ቀድሞው በመርሐ ግብሩ ላይ እንዲመለስና እጅ በማውጣት ድምፅ እንዲሰጥበት ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ጉዳዩ የገንዘብ ከሆነም በበርሚንግሃም ላይ የሚጨመረውን የምሳና የመግቢያ ወጪ ከራሴ እችላለሁ፤ ለገንዘብ ያዡም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ።