የኮምፒዩተር ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፦ አንድ ክፍል ይለቀቃል፣ መስኮቱ ላይ ፍርግርግ ይበየዳል፣ ማሽኖቹ ግድግዳውን ተከትለው ይደረደራሉ፣ በሩ ይቆለፋል። ላብ ተባለ። አሠራሩ ለንብረቱ ታስቦ እንጂ ለልጁ አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው። 20 ዴስክቶፕ ያለው ላብ፣ 60 ተማሪ ያለው ሴክሽን፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ። ልጆቹን አሰልፎ ማምጣት፣ ማስቀመጥ፣ ማሽን መክፈትና መዝጋት 15 ደቂቃ ይበላል። በቀረው 25 ደቂቃ አንድ ማውስ ለሦስት ነው፤ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ ግድም። ያውም በሳምንት አንዴ፣ ያውም መብራት ካልጠፋ፣ ያውም ማውሱን የጨበጠው ልጅ ከለቀቀ። አንድ ለአምስትን ያየ መምህር አንዱ ሲሠራ የቀሩት ምን እንደሚያደርጉ ያውቃል።

በዚያው ቦታ 18 ላፕቶፕ ቢኖርስ? ስድስት ስድስት አድርጎ በሦስት የሚቆለፍ የእንጨት ሣጥን ማስቀመጥና ሣጥኑን ወደ ክፍል መውሰድ ነው። በአንድ ላፕቶፕ ሁለት ልጅ፣ በአንድ ዙር 20 ደቂቃ፣ 12 ልጅ። 60ው ልጅ በአምስት ዙር ይዳረሳል፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተኩል፣ ሲጠጋጋ ሦስት ማለት ነው። የቀሩት 48ቱ በቦታቸው የመጽሐፉን መልመጃ ይሠራሉ። በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ ካለ አንድ ሣጥን 11 ሴክሽን፣ ሦስቱ 33 ሴክሽን ያገለግላሉ። ለአንድ ልጅ በእጁ የሚደርሰው 10 ደቂቃ ነው። ከ8 ወደ 10፤ ይህ ብቻውን የሚያስጨፍር አይደለም። ዋናው ለውጥ ልጁ በማሽኑ የሚሠራው ሥራ ሰሌዳው ላይ ካለው ትምህርት ጋር መገናኘቱ ነው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ የኤክስኦ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ልጆች በታደሉ ጊዜም መሰናክሉ እዚህ ላይ ነበር፤ መምህሩ አንድ ነገር ያስተምራል፣ ልጁ ጭኑ ላይ ሌላ ነገር ከፍቷል።

የመብራቱ ነገርም አለ። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ከ100 እስከ 150 ዋት ቢስብ፣ 20ው ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሶኬት ላይ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን እየተቀጠለ ሲሳብ መጀመሪያ የሚግለው መጋጠሚያው ነው፤ ፕላስቲኩ ቡናማ ሲሆን አይታችሁ ይሆናል። ማሽን የሚያቃጥለው ደግሞ ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን ነቅሎ፣ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ብዙ ፓወር ሰፕላይ ያተርፋል። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ትምህርቱ አይቋረጥም፤ በምሳ ሰዓት ይሞላል።

"ተበላሽቷል" ተብሎ ንብረት ክፍል ከተወረወረው ዴስክቶፕ ውስጥም ሁሉም የሞተ አይደለም። ሲበራ በጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ኤፍ 1ን ተጫኑ የሚል፣ ቀኑም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ከሆነ፣ ያለቀችው ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። ኬዙን ከፍቶ መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። ለታችኛዎቹ ክፍሎች ጂኮምፕሪ የሚባለው የልጆች መማሪያ ጨዋታዎች ስብስብ ይበቃል፤ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ከ100 በላይ መልመጃዎች አሉት። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። መልሱ ከአራት ሥዕል አንዱን መንካት የሆነ መልመጃ ከተሰጠ ልጁ እስኪሳካ ድረስ ይነካካል፤ ሲሳካለት የደመረ ይመስላል፣ የደመረው ግን ጣቱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ራሱ የሚያስገባበትን መምረጥ ይሻላል። ከሦስተኛ ክፍል በላይ ስክራች አለ፤ ልጁ ብሎኮችን እየገጣጠመ ፕሮግራም የሚሠራበት ነው፤ የአማርኛ ገጽ አለው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን አንዴ በፍላሽ አምጥቶ ሁሉም ላይ መጫን ይቻላል። ቶሎ ለጨረሰ ልጅ ኮምፒዩተሩን እንደ ሽልማት መስጠት ግን ይቅር። ቀርፋፋው ልጅ፣ ከማንም በላይ ልምምዱ የሚያስፈልገው፣ ተራው መቼም አይደርሰውም።

የአማርኛ ጽሕፈት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በድምፅ በሚሠሩት የተለመዱ የቁልፍ ሰሌዳዎች ልጁ "ጠረጴዛ" ለማለት ሺፍት ይዞ የእንግሊዝኛውን ቲ፣ ቀጥሎ ኢን፣ ከዚያ አርን፣ እንደገና ኢን... እያለ ይሄዳል። ለአራት ፊደል ቢያንስ ስምንት ቁልፍ፣ ሺፍቱን ሳይጨምር። ሺፍቱን ከረሳ "ጠ" ሳይሆን "ተ" ይወጣል፣ እሱም የተሳሳተው ፊደሉን ይመስለዋል። ሀሁን ገና በማጥናት ላይ ያለን የአንደኛ ክፍል ልጅ እዚህ ውስጥ መክተት ፊደሉን ማምታታት ነው። እስከ ሦስተኛ ክፍል ማውስና ሥዕል፣ ጽሕፈት ከአራተኛ ክፍል ይጀመር እላለሁ፤ ለዚያም ቅደም ተከተሉን በትልቁ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሣጥኑ ሳይከፈት ሊከርም ይችላል። ላፕቶፖቹ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ቅጽ ገቢ ሆነው በሞዴል 22 ቅጽ በአንድ መምህር ስም ወጪ ከተደረጉ፣ መምህሩ አንድ ቻርጀር ቢጠፋ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ፣ ዝውውር ሲያገኝም ክሊራንስ እንደሚከለከል ያስባል። ስለዚህ ይቆልፋል፤ እኔም ብሆን እቆልፋለሁ። ወጪው በትምህርት ቤቱ ስም ሆኖ፣ ሣጥኑ ሲወጣና ሲገባ ስድስቱ ተቆጥረው መዝገብ ላይ ይፈረም። በየዓመቱ በጀት ላይም ለተሰበረ ስክሪን፣ ለተቆረጠ ገመድና ለቻርጀር ማንም የማይጠየቅበት መጠባበቂያ ቀድሞ ይያዝ።