ይድረስ ፌርማታ ላይ ለቆሙት ክቡር የቤት መኪና

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ግራና ቀኝ ፍሬቻዎን አብርተው «ለሁለት ደቂቃ ነው» እያሉ አዲስ አበባ ውስጥ ፌርማታ ላይ ስለሚያርፉልን እናመሰግናለን። ፍሬቻ ሲበራ አስፋልት ካርታ እንደሚወጣለት አናውቅም ነበር።

እርስዎማ ከ4 ሜትር ብዙም አይዘልቁ። ችግሩ አውቶቡሱ 12 ሜትር መሆኑ ነው። ጠርዙን ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ለመቆም ከፊትም ከኋላም መጠምዘዣ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እርስዎ መሐሉን ከያዙለት አፍንጫውን ብቻ ያስገባና ጭራውን መንገድ ላይ ጥሎ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው ክላክስ ሁሉ በሹፌሩ ላይ ይወርዳል። የኋላው በር ደግሞ ከእግረኛ መንገዱ ይርቃል። ዘንቢል የያዙ እናት መጀመሪያ አስፋልቱ ላይ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ደግፈው ያንን ከፍታ ይወጣሉ፤ ሰልፉም ይጠብቃቸዋል። 30 ተሳፋሪ ላይ በነፍስ ወከፍ 2 ሰከንድ ሲጨመር አንድ ደቂቃ ሞላ።

አንድ ደቂቃ ምን አላት? ደርሶ መልሱ 60 ደቂቃ በሆነ መስመር ላይ 6 አውቶቡስ ከተሰማራ በየ10 ደቂቃው አንድ ይደርሳል። በዙሩ ውስጥ 12 ፌርማታ ላይ ብቻ ተገኝተው ቢባርኩን ዙሩ 72፣ ጥበቃውም 12 ደቂቃ ይሆናል። ሰባተኛ አውቶቡስ ከነሹፌሩ፣ ከነትኬት ቆራጩ ቢጨመር እንኳ የቀድሞዋ 10 ደቂቃ በሙሉ አትመለስም።

ይህም ሁሉም እኩል ከዘገዩ ነው። እኩል አይዘገዩም። የዘገየው አውቶቡስ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ብዙ ሰው ተከማችቶ ይጠብቀዋል፤ ሲጭን ጭራሽ ይዘገያል። ተከታዩ የሚጭነው ሰው ስለሚያጣ ሮጦ ይደርስበታል። «ሲጠፋ ይጠፋና ሁለት ሆኖ ይመጣል» የሚባለው ይኸው ነው፤ የፊተኛው በሩ አልዘጋ ብሎት፣ የኋለኛው ወንበሩ ባዶ ሆኖ።

በነዳጁ ዋጋ ተማርሮ ቁልፉን ቤት ሊተው ያሰበ ባለመኪና ይህን ያይና ሐሳቡን ይቀይራል። «አውቶቡስ አይታመንም» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ይወጣል፤ ሲደርስ ማቆሚያ ያጣና እርስዎ አጠገብ ይቆማል። ዘርዎን የሚያበዙት እንዲህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ተስፋ አድርገን ነበር። ወንድምዎ በኤሌክትሪክ መጣ። ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ ፌርማታው ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ያው ነው።

ሃምሳ እርምጃ አልፈው ቢቆሙ እንደማይመችዎ እንረዳለን፤ በእግር መሄድ ይጠይቃል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
በሰልፍ ላይ ያለን

ግልባጭ
በግራዎ ደርበው ለቆሙት ወዳጅዎ