ለክቡር አቶ ጥም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሞተር ሳይክል ተፈናጣጮች ላይ ስለሚያደርሱት በደል ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ውሃ ቀጠነ ብዬ እንዳልሆነ በቅድሚያ እንዲረዱልኝ በትሕትና አመለክታለሁ፤ ውሃው ቢቀጥንም ቢወፍርም በእጃችን ቢኖር ኖሮ እኔና እርስዎ የምንጻጻፍበት ጉዳይ ባልኖረን ነበር። አቤቱታዬን የማቀርበው በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ በጣርማ በርና በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ስለሚወርደው የሞተር ተጓዥ፣ ያውም መሪ ስለጨበጠው ሳይሆን ከጀርባው ተፈናጥጦ ሻንጣ አቅፎ ስለሚሄደው ወገን ነው። ለሹፌሩ የሚያስብለት አያጣም፤ ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለ ዘይቱና ስለ ጎማው ማደያ የቆመው ሁሉ ይጠይቀዋል። ስለ ተፈናጣጩ ጉሮሮ የሚጠይቅ ግን ከክቡርነትዎ በቀር አላየሁም።

ስለ ትዕግሥትዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ወደ ክሱ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበን፣ ጃኬት ጨምረን በማለዳ ስንነሣ እርስዎ በአካባቢው አይታዩም። በዚያ ብርድ ማንም ሰው የሚመኘው ትኩስ ሻይ ነውና ውሃ እንድንጠጣ የሚመክረን ቢገኝ እንኳ እንደ እብድ እናየዋለን። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ በመብራት አቋርጠን ቁልቁለቱን ስንጀምርም የሉም። ደብረ ሲናን አልፈን አርማንያ ስንደርስ የጃኬታችንን ዚፕ ዝቅ እናደርጋለን፤ አሁንም የሉም። መንገዱ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርዶ የሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ግራና ቀኝ መታየት ሲጀምር ግን፣ ዘመድ ሊቀበለን የወጣ ይመስል፣ ምላሳችን ላይ ቁጭ ብለው እናገኝዎታለን።

ይህን ሁሉ ለብቻዎ እንዳልሠሩት ማስረጃ አለኝ። ዋናው ግብረ አበርዎ ነፋስ ነው። በሮቢት ገበያ በእግሩ የሚዞር ሰው ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ስለሚያየው ያብሰዋል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ ውሃ ይጠይቃል። በሞተር የሚሄደው ግን ላቡ ገና ከቆዳው ብቅ ሳይል ነፋሱ ስለሚያተንነው፣ ያላበው አይመስለውም፤ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው በየብስም እንደሚሠራ ያወቅሁት ከእርስዎ ነው። ተፈናጣጩ ከሞተሩ ወርዶ ጥቁር ሹራቡን ሲያራግፍ በአንገቱና በብብቱ ዙሪያ ነጭ የጨው መስመር ያያል። ከሰውነቱ የወጣው ውሃ ፈርሞ የሄደበት ደረሰኝ ያ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የተፈናጣጩ ሥፍራ የተለየ ችግር አለው። ደረቱን የሹፌሩ ጀርባ ስለሚከልለው የነፋሱ ቅዝቃዜ በሙሉ አይደርሰውም፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ይግላል። አንዳንዱ መላ ያገኘ መስሎት ጃኬቱን አውልቆ በቲሸርት ይቀመጣል። አየሩ የቆዳን ሙቀት፣ ማለትም 35 ዲግሪ ገደማን፣ ሲያልፍ ግን ነፋሱ ራሱ ሙቀት አምጪ ስለሚሆንና ላቡንም ይበልጥ ቶሎ ስለሚያደርቀው፣ ያ ሰው ጃኬቱን ያወለቀው ለክቡርነትዎ በር ለመክፈት ነው ማለት ይቻላል።

የክሴ ሁለተኛ ነጥብ መዘግየትዎ ነው። ማስጠንቀቂያ ነኝ እያሉ ራስዎን ያስተዋውቃሉ፤ አመጣጥዎ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሰው መጠማቱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ከመቶ አንድ እስከ ሁለት እጅ የሚሆን ውሃ ካጣ በኋላ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ከሩብ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ራስ ምታት፣ ድካም፣ መነጫነጭና ድብታ በየተራ ይላካሉ። ሹፌር ቢደብተው እጁ ሥራ ስላለው ምናልባት ይነቃል። ተፈናጣጭ ሲደብተው ግን ሥራ የለውምና ሄልሜቱ ከሹፌሩ ሄልሜት ጋር ቋ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ቋ ይላል፤ ሹፌሩም ሰውየው የሸዋን ተራራ እያደነቀ ራሱን የሚነቀንቅ ይመስለዋል። እጁ ከመያዣው የላላ ዕለት ይህ ቀልድ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ክቡርነትዎን የሚያኖረዎት ሙቀቱ ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ መናገር አለብኝ። ቀለብዎን የሚሰፍርልዎ ይሉኝታችን ነው። ወጣቱ ሹፌር አንገቱን ወደኋላ መለስ አድርጎ «ጋሼ፣ ትንሽ እንቁም እንዴ?» ብሎ ይጮኻል። ጋሼም ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ እያለ «ኧረ ግድ የለም፣ ንዳው ልጄ!» ይላል። ለምን? ቢያስቆም ደካማ ይባላል፤ ቢጠጣ ደግሞ ሽንት ይመጣና ዳግመኛ ማስቆም ይኖርበታል። ለሴት ተፈናጣጭ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል፤ በመንገዱ ዳር መጸዳጃ ቀርቶ የሚከልል ቁጥቋጦ በማይገኝበት ሜዳ፣ ብዙዎቹ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጉንጭ ሳይጠጡ መጓዝን ይመርጣሉ። እርስዎ ይህን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም ከሹፌሩ ይልቅ ከኋላ ያለውን ያዘወትራሉ።

ስለ ውሃ መያዣችን ብዙ ባልናገር ይሻላል። ከሻንጣው አናት በገመድ የታሰረች አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ አለች፤ ለመፍታት መቆም፣ ለመቆም መናገር፣ ለመናገር ይሉኝታን መስበር ያስፈልጋል። በመጨረሻ ስትፈታ ቅጠል የጎደላት ሻይ ሆና ትገኛለች።

ወዳጆችዎንም አውቃቸዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ሲነሡ «ለብርዱ» ተብሎ የሚቀመሰው አረቄና ሮቢት ሲደርሱ «ለሙቀቱ» ተብሎ የሚከፈተው ቀዝቃዛ ቢራ፣ ሁለቱም ሰውነት ውስጥ የቀረችውን ውሃ በሽንት አስወጥተው ድብታውን ያበረቱልዎታል። ቡናን ግን አልከስም፤ አንድ ሁለት ስኒ ቡና ከሚያስወጣው ይልቅ የሚያስገባው ውሃ ይበልጣልና ስሙ ያለ አግባብ ጠፍቷል።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ የሚከተለው እንደሚሆን ይወቁት። ተፈናጣጭ መሪ የማይጨብጡ ሁለት እጆች ስላሉት፣ በቀድሞዎቹ የአንኮበር ነገሥታት ግቢ ጠጅ አሳላፊ እንደነበረ ሁሉ፣ የሞተሩ ውሃ አሳላፊ ሆኖ ተሹሟል፤ ሹፌሩም ሳይጠጣ ቢውል ተጠያቂው እርሱ ነው። ውሃው በገመድ መታሰሩ ቀርቶ፣ አቅም ያለው በቱቦ የሚጠባ የጀርባ ቦርሳ፣ የሌለው ደግሞ በትከሻ የሚንጠለጠል ኮዳ ይይዛል። መጠጣት የሚጀመረው በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ክቡርነትዎ ገና ተኝተው ሳለ ነው፤ ቆላው ውስጥም በየ15 እስከ 20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጉንጭ ይቀጥላል። ጃኬቱ አይወልቅም፤ ነጠላ በውሃ ነክሮ አንገት ላይ መጠምጠም ይበቃል። ሽንት መጣብኝ ብሎ ማስቆምም ከእንግዲህ የጤንነት ምልክት እንጂ ነውር አይደለም፤ መልኩ ጠጅ ከመሰለ ግን እርስዎ ከቤት አልወጡም ማለት ነውና ጉዞው እስኪጠጣ ድረስ ይቆያል።

አንድ ተንኰል እንደቀረዎት አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ አስጠምተው አስጠምተው፣ ማታ ሮቢት ላይ ሁለት ሦስት ሊትር ባዶ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ያስገለብጡናል፤ ላባችን ጨውንም ይዞ ስለሄደ፣ ያ ሁሉ ውሃ የቀረውን ጨው አቅጥኖ ማቅለሽለሽና ራስ ማዞርን ያመጣብናል። ለዚህም ተዘጋጅተናል። የደጋው ሰው ከጥንት ጀምሮ ለመንገድ የሚይዘውን በሶ ጨው ጣል አድርገን እንበጠብጣለን፣ ጨው ያለው ቆሎ እንቆረጥማለን፤ ብዙ ያላበው ሰው ከፋርማሲ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ገዝቶ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠብጣል። ካጣም በአንድ ሊትር ውሃ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟምቶ ይጠጣል። መጠኑን ማስታወስ የማይችል ተፈናጣጭ ቢኖር ምክንያቱ እርስዎ ስለሆኑ ሹፌሩ ያስታውስለታል።

መልስዎን በጽሑፍ እንጂ እንደ ልማድዎ በጉሮሮ በኩል እንዳይልኩብኝ አሳስባለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ከኋላ የተቀመጠው

ግልባጭ፦
ለነፋስ፣ ጣርማ በር
ለማርሚታ፣ ከቀኝ እግሬ ሥር
ለይሉኝታ፣ በየቤቱ
ለሹፌሩ፣ አንብቦ ሳይጨርስ እንዲያቆምልኝ