ወፍጮ ቤት የሚላክ ልጅ «ሥርዓተ ልመት»ን ለምን ይሸመድዳል?

የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ደብተር ገልጦ ያየ ወላጅ ነገሩን ያውቀዋል። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ «ቃል»፣ በቀኝ «ፍቺ»። አሥር ቃል፣ አሥር ፍቺ። ልጁ ማታ ይሸመድዳል፣ ጠዋት ይወጣዋል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። በሳምንቱ ሌላ አሥር ይመጣል።

ጠቤ ከዚህ ሠንጠረዥ ጋር ነው። የአማርኛ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው። ሠንጠረዡ ግን እያንዳንዱን ቃል ወላጅ እንደሌለው አድርጎ ያቀርበዋል።

የሳይንስ መጽሐፉን እንይ። «ሥርዓተ ልመት» ይላል። ልጁ የሆድና የአንጀት ጉዳይ መሆኑን ይይዝና «ልመት»ን እንደ ባዕድ ቃል ያጠናዋል። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞም በሉት ማራኪ፣ ይኸው ልጅ ወፍጮ ቤት ሲላክ «አልሞ ይፍጭልህ በለው» ተብሎ ነው። ሲመለስ እናቱ ዱቄቱን በሁለት ጣቷ አሸት ታደርገውና «ኧረ ይሄ መች ላመ!» ትላለች። የላመ የጣመ ሲባልም ሰምቷል። ላመ፣ ልም፣ አላመ፣ ልመት። ምግቡ ሆድ ገብቶ የሚሆነው ያንኑ ነው፤ ይልማል። ይህን ለመንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የአማርኛ መምህሩ መስተፃምር ያስተምራል፤ ቃልን ከቃል፣ ሐረግን ከሐረግ የሚያያይዘውን። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሳይንስ መምህሯ ብርሃን አስተፃምሮ ታስተምራለች፤ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጣምሮ ምግቡን የሚሠራበትን መንገድ። ሁለቱም ቃላት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ግእዙ ፀመረ ይላል፣ አጣመረ ለማለት። አማርኛው ድምፁን ወደ ጠ ወስዶ ጣመረ፣ ጥምር፣ ጥምረት አለ፤ ጸጉር ጠጉር እንደሚባለው። ሁለቱ መምህራን በእረፍት ሰዓት ሻይ አብረው ይጠጣሉ። ቃላቱን ግን አያስተዋውቋቸውም።

ሥር መፈለግ ለልጅ ከባድ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ፊደላችን ራሱ ያግዘዋል እኮ። ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስብርባሪ ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ደርድሩ። ሰ፣ በ እና ረ ቤታቸውን ይቀያይራሉ እንጂ የትም አይሄዱም። የሦስተኛ ክፍል ልጅ በጠመኔ ያከብባቸዋል። ከዚያ መነሻው፣ ከቃሉ ፊት የሚለጠፈው፣ ይቀጥላል። መ ከፊት፣ ያ ከኋላ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሥራ ዕቃ ይወጣል፤ ጠረገ ብሎ መጥረጊያ። አንዳንዴ የመጨረሻው ፊደል መልኩን ይለውጣል። ቆረጠ መቁረጫ ይሆናል፣ ያዘ መያዣ፣ አረሰ ማረሻ፣ ተከለ መትከያ። ጠ ወደ ጨ፣ ዘ ወደ ዠ፣ ሰ ወደ ሸ፣ ለ ወደ የ። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ጨዋታ ነው የሚወስዱት። ደንቡን ራሳቸው ያገኙት ከሆነማ ማን ያስቆማቸዋል።

የፊደል ግድፈትም በዚሁ ይቀንሳል። በግእዝ መሀረ አስተማረ ነው፣ መሐረ ደግሞ ይቅር አለ። ትምህርት በሃሌታው ሀ፣ ምሕረት በሐመሩ ሐ የሚጻፉት ለዚህ ነው። ምሥራቅ በንጉሡ ሠ የተጻፈው ሠረቀ ወጣ ማለት ስለሆነ ነው፤ በእሳቱ ሰ ከተጻፈ ሌብነት ይሆናል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ለጊዜው ይቆየን። ግን ምክንያቱ ያልተነገረው ልጅ ቢያደባልቃቸው አይፈረድበትም።

ይህ ሁሉ ለጎንደር አዲስ አይደለም። ከተማዋ የአብነት ትምህርት ከተማ ናት። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ሆኖ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ እያለ ግስ ያወርዳል፤ አንዱን ግስ ሲያረባ ዘሩን ሁሉ ይይዘዋል። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላትም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ትምህርትን የፈለገ መሀረ ላይ ይሄዳል። ዱላው ይቅር፣ ዘዴው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ለምን እንዳልገባ አይገባኝም።

«ምዕላድ እኮ እናስተምራለን» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ምዕላድ ትርጉም ያለው ትንሹ የቃል ክፍል ነው። እውነት ነው፣ ታስተምራላችሁ። ልጁ የምዕላድን ትርጉም በቃሉ ይወጣል፣ ቅድመ ግንድ ቅጥያና ድኅረ ግንድ ቅጥያን ይለያል። «ኢመደበኛ» የሚለውን ቃል ዜና ላይ ሲሰማ ግን አባቱን ይጠይቃል። ስሙን ተማረ፣ መሣሪያውን ግን አልጨበጠም።

ልጆች ይሳሳታሉ፣ ይሳሳቱ። ባለሱቅና ባለሙያን የፈታ ልጅ «ባለጌ»ንም ባለ ብሎ ይከፍለውና «ጌ ምንድን ነው?» ይላል። መኪና ከጣሊያንኛ የመጣ መሆኑን ሳያውቅ መነሻው መ ነው ይላል። መርፌ ግን ከረፍአ፣ ከሰፋ፣ የመጣ ስለሆነ እዚያ ላይ ትክክል ይሆናል። ኢ አፍራሽ ነው የተባለ ልጅ «ኢትዮጵያስ?» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ የሚጠይቅ ክፍል ቢኖረኝ በደስታ እገባ ነበር።

9ኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ጭንቁ ያኔ ነው። መፍታት የለመደ ልጅ እዚያም አይደናገጥም። የመተማ ሰሊጥ የሚነግድ ሰው ልጅ ኤክስፖርት ሲባል ቤቱ ይሰማል። ፖርት በላቲን መሸከም ነው። ኤክስ ወደ ውጭ፣ ኢም ወደ ውስጥ፣ ትራንስ ከወዲህ ወዲያ። እንግሊዝኛ ከፊትና ከኋላ ስለሚለጥፍ ከአማርኛው ይልቅ ለመፍታት ይቀላል። አን፣ ሪ፣ ኢን እና ዲስ የተባሉት አራት መነሻዎች ብቻ በትምህርት መጻሕፍት ከሚገኙት ባለመነሻ የእንግሊዝኛ ቃላት ከግማሽ በላይ የሆኑትን ይይዛሉ።

በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት በግጭቱ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ስለ ሥርና መነሻ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ዓመት የባከነበት ልጅ ነው እንዲያውም አቋራጭ የሚያስፈልገው። ወጪውም ጠመኔ ነው።

የሚከብደው ፈተናው ነው። የ6ኛ ክፍል ፈተና «የተሰመረበት ቃል ፍቺ የቱ ነው?» ብሎ አራት ምርጫ እስከሰጠ ድረስ መምህሩ ሠንጠረዡን አይተወውም፤ እኔም ብሆን አልተውም። ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁለት ሦስቱ ይቀየሩ። ጣመረ፣ ጥምር፣ ጥምረት ተሰጥቶት መስተፃምር ምን እንደሚሠራ ልጁ በራሱ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ማረም ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ግን እስኪ በአንድ ወረዳ ይሞከር።