የኮሚቴው ኮምፒውተር

ሕዝባችን መድኃኒት አያጣም። ምች መታኝ ብትለው ዳማከሴ፣ ጨጓራዬን ብትለው ተልባ፣ ሆዴን ብትለው ፌጦ ያዝልሃል። ኮምፒውተሬን ያልከው እንደሆነ ግን መድኃኒቱ አንድና አንድ ነው፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር፤ «ፎርማት ይደረግ!» ቀሰስ አለ? ፎርማት። ድምፁ ጠፋ? ፎርማት። ፕሪንተሩ ወረቀት ነከሰ? ኮምፒውተሩ ፎርማት።

ጉዱ የሚመጣው ፎርማቱ አልቆ፣ አዲስ ሲስተም ተጭኖ፣ ማሽኑ አልነሣም ያለ ዕለት ነው።

የካ አባዶ፣ እኛ ብሎክ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለው። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስም የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም ሊቀመንበሩ ሰጉ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ካላየ በወጉ አልጫንም ይላል፤ የእኛ ማሽን ያን ስም ሰምቶም አያውቅ። ስለዚህ አምስተኛ ፎቅ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባል ነፃ ሲስተም በፍላሽ ጫነበት። መዝገቡ ያለበት ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ፣ «ዲ» የምንለው፣ አልተነካም። ፍላሹ ተነቀለ፣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ተጨበጨበ፣ ቡና ቀረበ።

መብራት ሄደ።

ሲመጣ ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ቀረ፤ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ»።

«ምን ይላል?» አሉ ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

«የምነሣበት አላገኘሁም ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የጫንከው የት ሄደ?»

ምርመራው ተጀመረ። አንዱ ቫይረስ ነው አለ፤ ገና ኢንተርኔት ያላየ ማሽን! ሌላው ሃርዱ ሞቷል ብሎ ሊቀብር ተነሣ። ግራውንድ ያሉት እትዬ ስኒ እያጠቡ፣ «በሰው ፊት አጨበጨባችሁ፤ ዓይን ነው» አሉ። ከሁሉ ድምፁ የጎላው ግን የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤታችን ነበር። «ፎርማት ይደረግ! ዲም አብሮ ይደረግ!» ይህ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ መዋጮ ሲከፍል ግቢያችንን የሚጠብቁት ሽማግሌ ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ሲስተሙ የት እንዳለ አያውቅም፤ ባዮስ የምንለው ትንሽ ፕሮግራም ነው ሄዶ የሚያፈላልገው። አፈላለጉ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው፣ ሌጋሲ የሚሉት፣ የሃርዱን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነባል፤ እዚያ ማስነሻ ካላገኘ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። አዲሱ፣ ዩኢኤፍአይ፣ በፋት 32 የተዘጋጀች አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ገብቶ የማስነሻውን ፋይል ይፈልጋል። በአዲሱ የተጫነ በድሮው ከተፈለገ፣ ለሰፈራችን እንግዳ «ሥጋ ቤቱ ጋ ውረድ» ተብሎት ሥጋ ቤቱ ፋርማሲ ሆኖ እንደሚጠብቀው ነው። ቤቱም አለ፣ ባለቤቱም አለ፤ እንግዳው ግን «የለም» ብሎ በመጣበት ታክሲ ወደ መገናኛ ይመለሳል።

ተማሪው ኤፍ 2ን እየቀጠቀጠ ባዮስ ገባ። ሌጋሲ ሆኗል። ወደ ዩኢኤፍአይ መለሰው፤ ተነሣ፤ እትዬ እየከለከሉ ተጨበጨበ። መብራት ሄደ። መጣ። «ኖ ቡታብል ዲቫይስ»። የሁለተኛ ፎቁ ሰው ፊቱ በራ።

ሊቀመንበሩ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ተገኝቶ፣ ባዮሱ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ያነበቡት ያኔ ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2010።

«ይሄ በፈረንጅ ነው በእኛ? በእኛም ቢሆን እኮ አልፏል።»

«ባትሪዋ!» ብሎ ጮኸ ተማሪው።

ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ የምትጠብቀው እሷ ናት። ስትሞት ማሽኑ ሁሉን ረስቶ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ይይዛል፤ የኮሚቴው ማሽን ይዞ የወጣው ደግሞ ሌጋሲን ነው። መብራት የማይጠፋበት አገር ይህ በሽታ ወራት ተደብቆ ይኖር ነበር። እኛ ጋ ከቡናው ሁለተኛ እስከ በረካ አልዘለቀም።

እሑድ ማታ ግን ባትሪዋ ከየት ትምጣ? ሱቁ ያለው የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ብቻ ነው። እትዬ ድንገት ተነሥተው ቤታቸው ገቡና ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸውን የክብደት ሚዛን ታቅፈው ወጡ። ከኋላው ሲከፈት ያችው ሲአር 2032።

«ውሰዱለት፤ ድሮም ዋሾ ነው» አሉ።

ባትሪዋ ገባች፣ ዩኢኤፍአይ ተመረጠ፣ ሶኬቱ ለሙከራ ተነቅሎ ተሰካ፤ ኡቡንቱ ተነሣ። ዲ ተከፈተ። የሁለተኛ ፎቁ ሰው ስልኩ ሳይጠራ «ሃሎ» እያለ ደረጃውን ወረደ። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ሚዛናቸው ላይ ወጡና ጎንበስ ብለው ቁጥር የሚወጣበትን መስኮት አዩ። ምንም የለም።

«እሰይ፤ አሁን ገና ልክ መዘነ።»